ፊተኛውና ኋለኛው፦ ከሜክሲኮ የማራቶን ሩጫ የምናገኘው ትምህርት

የሩጫ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው የአሸናፊው ስም ነው። በየትምህርት ቤታችን ሜዳ ከሚሮጡት ተማሪዎች መካከል ግን አሸናፊ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ሜዳልያ አያገኙም፤ ስማቸው በጋዜጣ አይወጣም፤ ሩጫ እንጀራችን ይሆናል ብለውም አያስቡም። ሆኖም ከእነርሱ መካከል ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ከያዙ በኋላ እንኳ ማለዳ እየተነሡ መሮጥን የማይተዉ አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አማተር ሯጭ እንለዋለን። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሽልማት የማይጠብቀውን ሯጭ፣ ጉልበቱ ሲዝልና ትንፋሹ ሲያጥር፣ ከመንገድ እንዳይቀር የሚያበረታው የማን ምሳሌነት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው። በሮማ ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን እንጠራለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። የአበበን ፍጥነት ልከተል ቢል የሚሳካለት ተማሪ እጅግ ጥቂት ነው። ፍጥነት በምኞት አይገኝም። የሰው አድራጎት ግን ሊጠና፣ ሊቀዳና የራስ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሯጮችን ፍጥነት ሳይሆን አድራጎታቸውን ነው። ለዚህም እንዲረዳን አንድ ቀን መርጠናል። ቀኑ እሑድ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1968 ማለት ነው። ቦታው ሜክሲኮ ከተማ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በዚያ አንድ ቀን የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የታንዛንያ ልጆች በአንድ ከተማ ሮጡ። አንዱ አሸነፈ፤ አንዱ ታሞ ሳለ አሸነፈ፤ አንዱ አቋረጠ፤ አንዱ ደግሞ ከሁሉ ኋላ ገባ። አማተሩ ሯጭ የሚያስፈልገውን ትምህርት የሚያገኘው ከአራቱም ነው።

የውድድሩ ቦታና ሁኔታ

ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በአጭር ጊዜ ለሚያልቁ ውድድሮች ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የአየሩ መቅለል ይጠቅማል። አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር የዘለለው በዚያው ሰሞን ነው። ለረጅም ርቀት ሯጭ ግን ስስ አየር ጽኑ ጠላት ነው። በቆላና በባሕር ዳርቻ አገሮች ልምምድ ያደረጉ ብዙ ታዋቂ ሯጮች በሜክሲኮ ተዳክመው ታዩ። ከ1,500 ሜትር ጀምሮ እስከ ማራቶን የነበሩትን አምስት የወንዶች ሩጫዎች ሁሉ ያሸነፉት አፍሪካውያን ሲሆኑ፣ ከአምስቱ አሸናፊዎች አራቱ ከኬንያና ከኢትዮጵያ፣ አንዱ ከቱኒዝያ ነበሩ።

ነገር ግን ከፍታው ብቻውን ሁሉን ነገር አያስረዳም። ከምሥራቅ አፍሪካ ከሄዱት መካከል በዚያው አየር ታመው የወደቁም ነበሩና። ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ሕግ ሩጫን የገንዘብ ማግኛ ያደረገን ሰው አያሳትፍም ነበር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ኪፕቾጌ ኬኖ ፖሊስ ነበር፤ ጆን ስቲቨን አክዋሪ ገበሬ ነበር። ሁሉም እንጀራቸውን የሚበሉት ከሌላ ሥራ ነበር፤ በዚህ ረገድ ከዛሬው አማተር ሯጭ ብዙ አይርቁም።

የተጠበቀው ሲያቋርጥ፣ የቆየው ሲያሸንፍ

አበበና ማሞ ሁለቱም በ1924 ዓ.ም. የተወለዱ እኩያሞች ናቸው። ዕድላቸው ግን እኩል አልነበረም። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

የማሞ መንገድ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ማሞ በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በዱላ ቅብብል ተሰልፎ ነበር፤ ሆኖም ከማጣሪያው አላለፈም። አበበ በሮማ ሲነግሥ ማሞ ከሯጮቹ መካከል አልነበረም። በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ከሜዳልያ በአንድ ደረጃ ቀረ ማለት ነው። በማራቶኑም ተሰልፎ ሳይጨርስ ቀረ። እስከዚያ ድረስ ሕዝብ የሚያውቀው የአበበን ስም ነው። ማሞ ግን ልምምዱን አልተወም።

በሜክሲኮ ጥቅምት 3 ቀን በተደረገው የ10,000 ሜትር ውድድር ማሞ በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ሰባ አምስት ሯጮች ለማራቶን ተሰለፉ። አበበ ከእነርሱ መካከል ነበር፤ ነገር ግን እግሩ ከውድድሩ በፊት ጀምሮ ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ከመውጣቱ በፊት ማሞን ጠርቶ እኔ አልጨርስም፣ አንተ ግን ማሸነፍ አለብህ እንዳለው ይነገራል። ማሞም ወደ ስታዲየሙ ብቻውን ገብቶ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ የገባው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ መርዓዊ ገብሩም ስድስተኛ ወጣ።

ማሞ ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበር። ከሜልበርን ማጣሪያ እስከ ሜክሲኮ ወርቅ 12 ዓመት አልፏል። ከዚያም በኋላ አላረፈም፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። አበበ ሮማ ላይ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት የሞላበት ዕለት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የአበበን ማቋረጥ እንመልከት። አንዳንድ ሰው ማቋረጥን ሁሉ ከስንፍና ይቆጥረዋል። የአበበ ግን ስንፍና አልነበረም፤ አጥንቱ የተጎዳ ሰው ነበር። ያደረገውም ሁለት ነገር ነው፤ ሰውነቱ የነገረውን ሰማ፤ ተስፋውንም ለጓደኛው አስተላለፈ። ወራት ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም ከቆየ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ውድድር ተካፈለ። ቀጥሎም ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚነዳ ተንሸራታች ጋሪ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ስፖርትን አልተሰናበተም። ከመንገዱ የወጣ ሰው ሌላ መንገድ ሊጀምር እንደሚችል ያሳየን እርሱ ነው።

ሕመምተኛውና ወዳጁ

በዚያው እሑድ በስታዲየሙ የ1,500 ሜትር የፍጻሜ ውድድር ተደርጎ ነበር። ከተሰለፉት አንዱ የኬንያው ኪፕቾጌ ኬኖ ነው። ኬኖ ወላጆቹን በሕፃንነቱ ያጣ፣ በዘመድ እጅ ያደገ ሰው ነው። ወደ ሜክሲኮ በሄደ ጊዜ በሐሞት ከረጢት ሕመም ይሠቃይ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን በ10,000 ሜትር ውድድር ከመሪዎቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ጥቂት ዙር ሲቀረው ሕመሙ ጥሎት ከመሮጫው መስመር ወጣ። ተነሥቶ ጨረሰ፤ ነገር ግን ከመስመር በመውጣቱ ውጤቱ አልተያዘለትም። ጥቅምት 7 ቀን በ5,000 ሜትር በቱኒዝያዊው መሐመድ ጋሙዲ በጥቂት ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ሐኪሞች ከዚያ ወዲያ እንዳይሮጥ መክረውት ነበር።

ጥቅምት 10 ቀን ግን ተሰለፈ። ዋና ተቀናቃኙ የርቀቱ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የነበረው አሜሪካዊው ጂም ራየን ነበር። ራየን በመጨረሻው ዙር ተወርዋሪ ስለሆነ፣ ኬኖ ማሸነፍ የሚችለው ሩጫው ከመጀመሪያው የፈጠነ እንደሆነ ብቻ ነበር። ይህንንም ሸክም የተሸከመለት የአገሩ ልጅ ቤን ጂፕቾ ነው። ጂፕቾ የመጀመሪያውን ዙር ያለ ልክ አፍጥኖ መራ፤ ለራሱ የነበረውን ዕድል አሳልፎ ለጓደኛው ሰጠ። ኬኖ ከዚያ ተቀብሎ በ3 ደቂቃ ከ34.9 ሴኮንድ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ጂፕቾ ከኋለኞቹ ጋር ገባ። በስምንት ቀን ውስጥ ኬኖ የሮጠው ስድስት ጊዜ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ሩጫን ኬኖ ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው ይኸው ጂፕቾ ነበር። ኬኖም ሩጫ ካቆመ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በኤልዶሬት ወላጅ የሌላቸውን ብዙ ልጆች አሳደገ፤ ትምህርት ቤትም አቋቋመ። በዘመድ እጅ ያደገው ልጅ ለሌሎች ልጆች ዘመድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ አማተር ሯጭ የሚማረው ታሞ መሮጥን አይደለም፤ ይህን በኋላ እንመለስበታለን። የሚማረው ማንም ሰው ብቻውን እንደማይሮጥ ነው። ከአበበና ከማሞ ኋላም ለዓመታት ያሠለጠኗቸው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በየሰፈሩም ቢሆን ማለዳ በር አንኳኩቶ የሚቀሰቅስ ጓደኛ፣ ዳገቱን ፊት ፊት እየሄደ የሚያስጨርስ ባልንጀራ ያለው ሰው ከሩጫ አይቀርም። ጂፕቾን የምናነሣው ስሙ ከኬኖ ስም ጋር አብሮ መጠራት ስለሚገባው ነው።

የመጨረሻው ሰው

ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ከጨረሰ አንድ ሰዓት አልፏል። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ተፈጽሟል፤ መሽቷል፤ አብዛኛው ተመልካችም ወደየቤቱ ሄዷል። በዚህ ጊዜ አንድ ሯጭ ገና በመንገድ ላይ እንዳለ ተነገረ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ቀኝ እግሩን በፋሻ ታሥሮ እያነከሰ ወደ ስታዲየሙ ገባ። የታንዛንያው ጆን ስቲቨን አክዋሪ ነበር።

አክዋሪ በመንገድ ላይ ከሌሎች ሯጮች ጋር ሲጋፋ ወድቆ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ቁስሉን ካሠሩለት በኋላ ተነሥቶ አንዳንድ ጊዜ እየሮጠ አንዳንድ ጊዜ እየተራመደ ጉዞውን ቀጠለ። መድረሻውን ሲያልፍ 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ሆኖ ነበር፤ ከማሞ በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ዘግይቶ ማለት ነው። ከተሰለፉት 75 ሯጮች 18ቱ አቋርጠዋል። ከጨረሱት 57 ደግሞ እርሱ 57ኛ ሆነ። በስታዲየሙ የቀረው ጥቂት ሕዝብ ግን እንደ አሸናፊ አጨበጨበለት። ለምን እንዳላቋረጠ በተጠየቀ ጊዜ፣ አገሩ ከዚያ ሁሉ ርቀት የላከችው ሩጫ እንዲጀምር ሳይሆን እንዲጨርስ መሆኑን እንደ መለሰ ይተረካል።

አባቶቻችን «ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ይላሉ። ተረቱ የራሱ ቦታ አለው። የአክዋሪ ታሪክ ግን የተረቱን ወሰን ያሳየናል። ታንዛንያ ከሜክሲኮ አንድም ሜዳልያ ይዛ አልተመለሰችም፤ የመጀመሪያዎቹን የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች ያገኘችው በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ነው። ነገር ግን በሜክሲኮ ሜዳልያ ካገኙት ከብዙዎቹ ይልቅ ዛሬ በዓለም የሚታወሰው ይህ ባዶ እጁን የተመለሰው ገበሬ ነው።

አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አክዋሪ ደካማ ሯጭ አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ኤዲንበርግ ላይ በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ጨርሶ አምስተኛ ወጥቷል። ይህ ጊዜ አበበ ሮማ ላይ ካሸነፈበት ጊዜ እንኳ የፈጠነ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን የመጨረሻ መሆን የመጨረሻ ሰው መሆን አይደለም። የአንድ ቀን ውጤት የአንድ ቀን ውጤት ብቻ ነው።

በዚያ ቀን ያልነበሩት

በዚያ እሑድ ታሪክ ውስጥ ሴት ሯጭ ለምን አልተጠቀሰችም ብላ አንዲት ተማሪ ብትጠይቅ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። ሴት ልጅ ረጅም ርቀት አትችልም ተብሎ ይታመን ነበርና። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ከዚያም ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ አገኙ።

ደራርቱ እንደ ማሞ የረጅም ትዕግሥት ምሳሌ ናት። በጥቅምት 2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸንፋለች። በዚያ ውድድር እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ ስትደክም ዞር ብላ ነይ እያለች ስታበረታታት መታየቷን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ተቀናቃኝን ማበረታታት ከማሸነፍ እንደማያግድ በዚህ ታይቷል።

ከመምህራን ምን ይጠበቃል?

ከላይ የተረክነው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ያደርሰናል። ሰውን በሩጫ የሚያቆየው የአሸናፊው ፍጥነት ሳይሆን፣ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለው የሯጮች አድራጎት ነው። እንደ ማሞ መጠበቅ፣ እንደ ጂፕቾ ለጓደኛ መድከም፣ እንደ አክዋሪ የጀመሩትን መፈጸም፣ እንደ አበበ ጊዜው ሲደርስ በክብር ማቆምና ሌላ መጀመር ይቻላል። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ልዩ ሳንባና ልዩ እግር አይደለም።

በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የኬኖንና የአክዋሪን ታሪክ ስናስተምር ተማሪዎች ሕመምን መናቅ ጀግንነት ነው ብለው እንዳይረዱት መጠበቅ አለብን። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዱ የተጎዳ ሯጭ አቋረጠ፤ ሌላው የተጎዳ ሯጭ ጨረሰ። ሁለቱንም እናከብራለን። ሁለቱም የበሰሉ ሰዎች ነበሩ፤ ውሳኔውም የየራሳቸው ነበር። እግሩን የሚያመውን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን አክዋሪን አስታውስ ብሎ መግፋት የመምህር ተግባር አይደለም። ለእርሱ የሚነገረው የአበበ ታሪክ ነው። ሰነፉንና የታመመውን ለይቶ ማወቅ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ትልቁ ጥበብ ነው።

የታሪክ መምህራንም ከዚህ ቀን ብዙ ሊያወጡ ይችላሉ። ተማሪዎች የሦስቱን አገሮች ካርታ ሥለው የሯጮቹን የትውልድ አገር ቢያመለክቱ፣ የከፍታን ጉዳይ ከጂኦግራፊ ጋር ቢያያይዙት፣ የሴቶችን ሩጫ ከዘመኑ አስተሳሰብ ጋር ቢመረምሩት፣ ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባሉ። በየአካባቢያቸው ለረጅም ዘመን የሮጡ አረጋውያንን ፈልገው ቢጠይቁም የቀረውን ራሳቸው ይጽፉታል።

በመጨረሻም ስለ ትምህርት ቤት ውድድራችን አንድ ቃል እንበል። በብዙ ቦታ ሦስቱ እንደገቡ ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ያቆማል፤ ክሩ ይጠቀለላል፤ ተማሪው ወደ ክፍሉ ይበተናል። ከኋላ እያለከለከ የሚመጣው ልጅ ማንም በሌለበት ሜዳ ይገባል። ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ባይሰለፍ የምንወቅሰው ማንን ነው? በሜክሲኮ ጥቂት ሰዎች በጨለማ ቆይተው ባይጠብቁ ኖሮ የአክዋሪ ታሪክ ለእኛ አይደርስም ነበር። ታሪኩን ያቆየው የሯጩ እግር ብቻ ሳይሆን የጠበቁት ሰዎች ትዕግሥትም ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ተማሪ እስኪገባ ድረስ ክሩ አይጠቅለል፤ ሰዓቱም አይቁም፤ የእርሱም ሰዓት እንደ አንደኛው ሰዓት በመዝገብ ይጻፍለት። በሚቀጥለው ዓመት የሚቀድመው ያንን ሰዓት ነውና።